ያልተሸጡት ሸክላዎች፦ የብሪታንያና የአየርላንድ ፎክ ጆሯችን ድረስ የመጣው በምን መንገድ ነው?

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስልክ ነው። አድማጩ ማታ ላይ አንድ ረጋ ያለ የጊታር ዘፈን ይከፍታል። ዘፈኑ ሲያልቅ መተግበሪያው በራሱ ሌላ ያስከትላል። መጀመሪያ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኒክ ድሬክ፣ ከዚያ ዘፋኟ ቫሽቲ ቡንያን፣ ከዚያ ፔንታንግል የሚባል ባንድ ይመጣሉ። ሁሉም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጹ ናቸው (ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድምፁ ግን ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። ታዲያ ጥያቄው አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ሥራ እስከ ዛሬ የት ነበር?

ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ሁለት መልሶች ይዘወተራሉ። አንደኛው “ጊዜያቸውን ቀድመው የመጡ ናቸው፤ ያኔ የተረዳቸው አልነበረም” ይላል። ሌላው ሙዚቃውን ከጥንት የኬልቶች (የአካባቢው የጥንት ሕዝቦች) ጫካ እንደወጣ፣ ከቅድመ አያት እንደወረደ ያደርገዋል። ሁለቱም ጥሩ ተረት ይወጣቸዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ያህል እውነት አለው። ሁለተኛው ከዚያም ያንሳል።

ከእነዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የወጣው ሸክላ መዓት ነው። ከዚያ ሁሉ መሀል እነዚህን መርጦ ያመጣልን ማን ነው?

ስሙ ራሱ ያደናግራል

ዛሬ ገበያ ላይ “ፎክ” ማለት አኩስቲክ ጊታር ይዞ በለሆሳስ የሚዘፍን ሰው ማለት ሆኗል። በብሪታንያ የፎክ ክበቦች ግን ቃሉ ጠበብ ያለ ነበር። ደራሲው የማይታወቅ፣ በቃል ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ዘፈን ነው ፎክ። ከእነዚህ መሀል ታሪክ የሚተርኩት ባላድ ይባላሉ። ግድያ አለባቸው። የተከዳ ፍቅር፣ ከባሕር ያልተመለሰ ባል፣ መናፍስት የጠለፉት ወጣት አለባቸው። አሜሪካዊው ምሁር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ድረስ 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ባላዶችን አሳትሟል። ዘፋኞች ዛሬም በቁጥር ይጠሯቸዋል።

“ሳይኬደሊክ” የሚለውን ቃል የፈጠረው ሃምፍሪ ኦስመንድ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ በ1950ዎቹ። ነፍስን እና መግለጥን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው የገጣጠመው። እንደ ኤልኤስዲ ያሉ አደንዛዥ ዕፆች በአእምሮ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ለመግለጽ ነበር። ሙዚቃው ውስጥ ሲገባ ሕልም የሚመስል ግጥም፣ የህንድ ሲታር፣ የዓረብ ኡድ፣ በስቱዲዮ የተዛባ ድምፅ ማለት ሆነ። “ፕሮግረሲቭ” ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ዘፈን መውጣት ነው። ቅንብሩ ይረዝማል፣ ምቱ መሀል ላይ ይቀየራል፣ ጃዝና የክላሲክ ሙዚቃ ጣልቃ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው እነዚህን ስሞች ብዙም አልለበሷቸውም። “አሲድ ፎክ” የሚባለው መጠሪያ በአብዛኛው የደመቀው በኋላ ነው፤ በሸክላ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ዘንድ። ቫሽቲ ቡንያን የዚህ ዘርፍ እናት ተብላ ትጠራለች። እሷ ግን ፎክ ዘፋኝ ነሽ መባልን ደጋግማ ተቃውማለች። የፈለገችው ፖፕ ዘፋኝ መሆን ነበር። በ1965 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗም የሮሊንግ ስቶንሶቹ የሚክ ጃገርና የኪት ሪቻርድስ ድርሰት ነው። ስሙ እንግዲህ የመደርደሪያ ስም ነው፤ ዕቃውን ለማግኘት ይረዳል፣ ስለ ዕቃው ብዙ አይናገርም።

አንድ ምድር ቤት፣ አንድ ስቱዲዮ፣ ጥቂት ሰዎች

በለንደን ሶሆ ሰፈር፣ ግሪክ ስትሪት ቁጥር 49፣ ሌ ካዝንስ የሚባል ምድር ቤት ነበር። ከ1965 ጀምሮ እስከ 1972 ድረስ የጊታር ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱበት ነበር። በርት ጃንሽ፣ ጆን ሬንቦርን፣ ሮይ ሃርፐር እዚያ ተሰምተዋል። ገና ስም ያላወጣው አሜሪካዊው ፖል ሳይመንም እንዲሁ።

የእነዚህ ሁሉ ታላቅ ወንድም ልንለው የምንችለው ዴቪ ግሬሃም ነው። አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ ከጉያና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞሮኮ ሄዶ የኡድ ተጫዋቾችን ሰማ። ከእነሱ ጋር ለመጫወት የጊታሩን ክሮች በሌላ መንገድ ቃኘ። ከዚያ አንድ የታወቀ የአየርላንድ ዜማ ወስዶ በዚያ ቅኝት፣ በህንድ ራጋ (የህንድ የዜማ ስልት) መንፈስ ተጫወተው። ከጥንት የኬልቶች ጫካ ወጣ የሚባለው ድምፅ አንዱ መነሻው እንግዲህ ይኸ ነው፤ የጉያናዊት ልጅ፣ የሞሮኮ ቅኝት፣ የህንድ አጨዋወት፣ የለንደን ክበብ።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሮክ አልበሞች ሲሸጡ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ደነገጡ። ወጣቱ ምን እንደሚገዛ አያውቁም። ስለዚህ ለአዲሱ ትውልድ የሚሆኑ ንዑስ ማተሚያዎች ከፈቱ። ኢኤምአይ ሃርቨስትን፣ ዴካ ዴራምን፣ ፊሊፕስ ቨርቲጎን፣ ፓይ ዶውንን አቋቋሙ። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ብዙ ቅረጽ፣ ትንሽ ክፈል፣ አንዱ ይያዛል። የፎክ ሙዚቀኛ ደግሞ ርካሽ ነው። የኒክ ድሬክ የመጨረሻ አልበም “ፒንክ ሙን” በጥቅምት 1971 በሁለት ሌሊት ተቀርጾ አለቀ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ፒያኖ። በቃ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ፣ ፌርፖርት ኮንቬንሽን፣ ኒክ ድሬክ፣ ቫሽቲ ቡንያን፣ ከደብሊን የመጡት ዶክተር ስትሬንጅሊ ስትሬንጅ፤ እነዚህን ሁሉ ፕሮዲውስ ያደረገው አንድ ሰው ነው፣ አሜሪካዊው ጆ ቦይድ። ዋና የቀረጻ ቦታው ደግሞ ለንደን ቼልሲ ውስጥ፣ ቀድሞ የወተት ማከፋፈያ በሆነ ቤት የነበረው ሳውንድ ቴክኒክስ የሚባል ስቱዲዮ ነው። የድምፅ መሐንዲሱ ጆን ዉድ። ስለዚህ መተግበሪያው “ከዚህ ጋር ይመሳሰላል” እያለ ሲያቀርብልን አንድ “ዘርፍ” ያገኘን ይመስለናል። በከፊል ያገኘነው አንድ ክፍል፣ አንድ መሐንዲስ እና የአንድ ሰው ጣዕም ነው።

ቅኝት፣ ምት እና አንድ የመኪና አደጋ

ግሬሃም ያስለመደው የጊታር ቅኝት ዳድጋድ ይባላል፤ የስድስቱ ክሮች ድምፅ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ስለሆነ ነው። በተለመደው የጊታር ኮርድ ውስጥ ደስታን ከሐዘን የምትለይ ሦስተኛ ድምፅ አለች። በዚህ ቅኝት ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ እሷ የለችም። ዜማው መሀል ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ደስ ያለውም የከፋውም አይመስልም። ሥር ላይ ያሉት ክሮች ደግሞ ሳይቋረጡ ያጉረመርማሉ። አንድ ሰው ብቻውን ተጫውቶ ብዙ ሰው የሚመስለው ለዚህ ነው።

ዜማዎቹም የዘመናዊ ፖፕን የድምፅ መሰላል አይከተሉም። ብዙ የእንግሊዝ የቆዩ ዜማዎች በመካከለኛው ዘመን በነበሩ መሰላሎች የተሠሩ ናቸው። በስኮትላንድና በአየርላንድ ደግሞ ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ብዙ አለ። ይኸኛው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት የያዛቸው አምስት ድምፆች ከዚያው መሰላል ጋር አንድ ናቸው። አንዳንድ የስኮትላንድ ዜማ ሲሰማ “ይህን የት ነው የማውቀው?” የሚያሰኘው ይኼ ነው። ዝምድናው ግን የድምፆቹ ብቻ ነው፤ ከታሪክ ጋር አያገናኘውም። አዘፋፈኑና ማስዋቢያው ሌላ ነው።

ፔንታንግል በ1967 ሲመሠረት ሁለት የፎክ ጊታሪስቶችን፣ ጃኪ ማክሺን የመሰለች ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ዘፋኝ፣ ከጃዝና ከብሉዝ የመጡ የቤዝና የከበሮ ተጫዋቾችን አንድ ላይ አደረገ። ምቱ ከአምስት ወደ ሰባት ይዘላል፤ ሰሚው ግን አይደናቀፍም። በ1969 የወጣው “ባስኬት ኦቭ ላይት” የተባለው አልበማቸው በብሪታንያ ሰንጠረዥ 5ኛ ደርሷል። አንደኛው ዘፈን የቢቢሲ የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ስለነበር ቤት ለቤት ገብቷል።

የፌርፖርት ኮንቬንሽን መንገድ ግን በሐዘን የተቀየሰ ነው። መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ሮክ የሚያስመስሉ ልጆች ነበሩ። ግንቦት 12 ቀን 1969 ከበርሚንግሃም ኮንሰርት ሲመለሱ መኪናቸው ኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ ተገለበጠ። የ19 ዓመቱ ከበሮ መቺ ማርቲን ላምብልና የጊታሪስቱ የሪቻርድ ቶምፕሰን ጓደኛ ጂኒ ፍራንክሊን ሞቱ። የተረፉት የድሮ ዘፈኖቻቸውን መልሰው መጫወት አልቻሉም። ሃምፕሸር ውስጥ አንድ የገጠር ቤት ተከራይተው የበጋውን ወራት የቆዩ ባላዶችን በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ሲያቀናብሩ ከረሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ “ሊጅ ኤንድ ሊፍ” ወጣ። የሳንዲ ዴኒ ድምፅና የዴቭ ስዋርብሪክ ቫዮሊን የሚነግሡበት አልበም ነው። በ2006 የቢቢሲ ሬዲዮ 2 አድማጮች ከፎክ አልበሞች ሁሉ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረ ብለው መርጠውታል። ሳንዲ ዴኒ በ1978 በ31 ዓመቷ አርፋለች።

አየርላንድን እዚያው መጨፍለቅ አይገባም

“የብሪታንያ ፎክ” በሚል ርዕስ ሥር የአየርላንድ ባንዶችን መደርደር የተለመደ ስህተት ነው። የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይከብዳል። በእንግሊዝ የቆየው ዘፈን በአብዛኛው ከሕይወት ወጥቶ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። ወጣቶቹ ያገኙት ከቤተ መጻሕፍትና ከጥቂት ሽማግሌዎች ነው። በአየርላንድ ግን መንደር ውስጥ ፊድሉ (ቫዮሊኑ) እና የክንድ ዋሽንቱ (በክንድ በሚጫን የአየር ከረጢት የሚነፋው) ገና በሕይወት ነበሩ። ከነፃነት ጥያቄ ጋርም የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ የደብሊን ወጣት ችግር “እንዴት አድርጌ ላግኘው?” አልነበረም። “እንዴት አድርጌ ከዘመኑ ጋር ላስታርቀው?” ነበር።

ቡዙኪ የሚባለው የክር መሣሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ያለ ቡዙኪ የሚታሰብ አይመስልም። መሣሪያው ግን የግሪክ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አየርላንድ ሙዚቃ ያስገባው የስዊኒስ ሜን አባል ጆኒ ሞይናሃን ነው። የባንዱ ጓደኛው አንዲ ኧርቫይን ደግሞ በ1968 ወደ ባልካን አገሮች ሄዶ ያልተለመዱ ምቶችን ይዞ ተመለሰ። እነዚያ ምቶች በ1972 በተመሠረተው ፕላንክስቲ ውስጥ ከሊያም ኦፍሊን የክንድ ዋሽንት ጋር ተገናኙ። ሆርስሊፕስ የተባሉት ደግሞ ሸክላቸውን በራሳቸው ማተሚያ አወጡ። በ1973 ስለ ከብት ዘረፋ የሚያወራውን ጥንታዊ የአየርላንድ ጀግንነት ታሪክ በሮክ ተረኩት፤ “ዘ ቶይን” ይባላል።

የደብሊኖቹ ሜሎው ካንድል ብዙ አድማጭ ዛሬ የሚደነቅባቸው ናቸው። ሁለቱ ሴት ዘፋኞች የተገናኙት ትምህርት ቤት ነው። በ1972 በዴራም አንድ አልበም አወጡ፤ አልተሸጠም፤ ባንዱ ፈረሰ። አልበሙ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው ሸክላዎች አንዱ ነው።

ያኔ የታወቁት ዛሬ፣ ያኔ ያልታወቁት ዛሬ

“ያኔ ማንም አልሰማቸውም” የሚለው እዚህ ጋ ይፈርሳል። የፔንታንግልን አይተናል። የኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ የ1968 አልበምም በብሪታንያ 5ኛ ደርሷል። በ1969 በአሜሪካው የዉድስቶክ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጥተዋል። አርብ ዕለት ዝናብ ስለነበር አንጫወትም ብለው ወደ ቅዳሜ ተሸጋገሩ፤ ቅዳሜ ላይ ሕዝቡ ሮክ እየጠበቀ ነበርና ነገሩ ብዙም አልያዘላቸውም። የሆነ ሆኖ ያኔ ትልቅ ስም ነበሩ።

ኒክ ድሬክ በተቃራኒው ነው። ሦስት አልበሞች አወጣ፤ እያንዳንዳቸው በወቅቱ ከ5,000 ቅጂ በታች እንደተሸጡ በሰፊው ይነገራል። መድረክ ይፈራ ነበር። ካደገ በኋላ የተነሳ ተንቀሳቃሽ ምስል የለም። በኅዳር 1974 በ26 ዓመቱ ወላጆቹ ቤት አረፈ።

ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ድሬክን ነው። ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለምን? አንዱ መልስ ጥራት ነው፤ ድሬክ በእርግጥ ታላቅ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የድሬክ ድምፅ ዝግ ያለ ነው፤ ሥራ እየሠሩም፣ እየተኙም ይሰማል። ለአጫዋች ዝርዝር የተፈጠረ ይመስላል። የስትሪንግ ባንድ ዘፈን ግን መሀል ላይ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ይስቃል፣ ድምፁ ሆን ብሎ ይንሻፈፋል። ቁጭ ብለህ ስማኝ ይላል። በቀጥታ ማስተላለፊያ (ስትሪሚንግ) ዘመን እንዲህ ያለ ሙዚቃ ተጎጂ ነው። ከዚህ ላይ በወጣትነት መሞት ራሱ ታሪክ ይሆናል፤ ታሪክ ደግሞ ይሸጣል። ደስ አይልም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ያኔ ለምን ሽያጩ ወደቀ የሚለው ብዙ አያከራክርም። ማተሚያዎቹ ብዙ አሳትመው ጥቂት አስተዋወቁ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሸክላ የሚሠራው ከፔትሮሊየም ውጤት ነው፤ ዋጋው ናረ፣ ዕቃው ጠፋ፣ አሳታሚዎች የማይሸጡትን ቀነሱ። ከ1976 ጀምሮ ፓንክ የሚባለው ጥሬና ፈጣን ሮክ ሲነሳ ረጅም ፀጉርና ባላድ መሳቂያ ሆኑ።

የመመለሻው ሰንሰለት

መመለሱ በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ የሚቀድመው ቴፑ መትረፉ ነው። ጆ ቦይድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱን ለአይላንድ ሬከርድስ ሲሸጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ የኒክ ድሬክ አልበሞች ከካታሎግ እንዳይወጡ። ስለዚህ ለ20 ዓመታት ያህል በጥቂቱም ቢሆን የሚፈልጋቸው ሰው ያገኛቸው ነበር። ሌሎቹ እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበራቸውም። የእነሱ ዕድል በሰብሳቢዎች እጅ ወደቀ። ሸክላው ብርቅ ሲሆን ዋጋው ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ ወሬው ይወጣል። ወሬው ሲወጣ አንድ ትንሽ አሳታሚ ፈቃድ ገዝቶ በሲዲ ያወጣዋል። እዚህ ላይ የሚመረጠው ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም፤ ብርቁ ነው። ጥሩ ሆኖ በብዛት የተሸጠ ሸክላ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ ሞልቶ ስለሚገኝ የሚሮጥለት የለም።

ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል። በ1999 ቮልስዋገን የ“ፒንክ ሙን”ን መጠሪያ ዘፈን ለአሜሪካ የመኪና ማስታወቂያ ተጠቀመበት። ድሬክ ከሞተ 25 ዓመት በኋላ፣ በሕይወቱ ከሸጠው ሁሉ በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሸጠለት። አንዳንዱ ይህን እንደ ርክሰት ቆጥሮታል። ሌላው ደግሞ ሬዲዮ ያልሰጠውን ዕድል ማስታወቂያ ሰጠው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ይቻላል።

የቫሽቲ ቡንያን ታሪክ ደግሞ ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። በ1968 ከፍቅረኛዋ ጋር በፈረስ ጋሪ ከለንደን ተነስታ ስኮትላንድ ወዳለው ስካይ ደሴት አቅጣጫ ጉዞ ጀመረች። በመንገድ ላይ የጻፈቻቸው ዘፈኖች በታኅሣሥ 1970 “ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ” ተብለው ወጡ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እሷም ጊታሩን አስቀምጣ ልጆች አሳደገች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮምፒዩተር ገዝታ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሰዎች ሸክላዋን እያሰሱ መሆኑን አወቀች። አልበሙ በ2000 እንደገና ታተመ። በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች፤ ከመጀመሪያው 35 ዓመት በኋላ። በሥራው ላይ ጆአና ኒውሰምና ዴቬንድራ ባንሃርት የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ተጫውተዋል። እንዲህ ያሉ ወጣቶች በየቃለ ምልልሱ የድሮዎቹን ስም ሲጠሩ ተከታዮቻቸው ወደ ኋላ ሄደው መስማት ጀመሩ። መተግበሪያዎቹ የሚመገቡት ይህንኑ የአድማጭ ልማድ ነው።

ሰንሰለቱን ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ያውቁታል። በ1997 በፈረንሳይ መታተም የጀመረው ኢትዮፒክስ የአዲስ አበባን ሸክላዎች ለዓለም ያደረሰው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሳለ የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መልሶታል። እዚያም ጥያቄው አንድ ነው፤ ዳግም አሳታሚው ያልመረጠውስ?

ሮያሊቲው ማን ኪስ ይገባል?

እዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት አንድ ነገር ተለውጧል። በብሪታንያ የድምፅ ቀረጻ የቅጂ መብት ጥበቃ 50 ዓመት ነበር። ከኅዳር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል። መነሻው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ስለሆነ አየርላንድም እንዲሁ ናት። የ1969 ሸክላዎች በ2019 መጨረሻ 50 ዓመታቸውን ሞልተው ወደ ተጨማሪው 20 ዓመት ገብተዋል። የቀሩትም ተከትለዋል።

ሕጉ ጭማሪውን ለአሳታሚ ብቻ አልሰጠም። አሳታሚው ከ50 ዓመት በኋላ ቀረጻውን ለገበያ ካላቀረበ ሙዚቀኛው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ዓመት ጠብቆ፣ መብቱን መልሶ መውሰድ ይችላል። አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው የሄዱ አጃቢ ሙዚቀኞች ከገቢው 20 በመቶ ተለይቶ ይቀመጥላቸዋል። ሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚከፈል ድርሻ) የሚታሰብላቸው ዋናዎቹ ሙዚቀኞች ደግሞ ያኔ በቅድሚያ የተከፈላቸውና ያልተወራረደው ገንዘብ አይቀነስባቸውም። በርት ጃንሽ የ1965 የመጀመሪያ አልበሙ ቴፕ በ100 ፓውንድ ነበር የተሸጠው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ውል ብርቅ እንዳልነበር ሲታሰብ የሕጉ ትርጉም ይገባል። ተቺዎች በበኩላቸው ዋናው ተጠቃሚ ብዙ ካታሎግ የያዘው ትልቅ ኩባንያ ነው ይላሉ። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ የአንድ ትንሽ ባንድ ቀረጻ ከቀጥታ ማስተላለፊያ ከሚያስገባው 20 በመቶው ቢደመር ስንት ይሆናል?

የሕዝብ ዘፈን ከሆነስ? ደራሲ የለውም፤ የሚከፈለው ለቅንብሩ ነው። እንግሊዛዊው የፎክ ዘፋኝ ማርቲን ካርቲ ያቀናበረውን “ስካርበሮ ፌር” ፖል ሳይመን ለንደን ሳለ ተማረው። በ1966 ከሙዚቃ ጓደኛው ከጋርፈንክል ጋር አወጣው፤ የካርቲ ስም አልነበረም። ሳይመንና ካርቲ መድረክ ላይ አብረው የዘፈኑት በ2000 ነው። የጃንሽን የጊታር ቅንብር ደግሞ የሮክ ባንዱ ሌድ ዘፕሊን በ1969 በጊታሪስታቸው በጂሚ ፔጅ ስም አወጡት። ጃንሽ ራሱ ዜማውን የተማረው ከዘፋኟ ከአን ብሪግስ ነው። አን ብሪግስ በ1973 መቅዳት አቁማ ገጠር ገባች። ገንዘቡ ወደ ላይ ሲወጣ ዕዳው ወደ ታች እንዴት እንደሚወርድ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

“እውነተኛው” የቱ ነው?

ዘፋኙ ኧዋን ማኮል በክበቡ ውስጥ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ሰው የራሱን አገር ዘፈን ብቻ ይዝፈን። በእሱ ዓይን ሲታርና ኤሌክትሪክ ጊታር ማበላሸት ነበሩ። የሚገርመው ማኮል ራሱ ሳልፎርድ የተወለደ ጂሚ ሚለር ነው፤ የስኮትላንድ ስሙን ያወጣው ለራሱ ነው።

ከሌላ ወገን ደግሞ “ባህላዊ” የሚባለው ራሱ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ። የዘፈን ሰብሳቢው ሴሲል ሻርፕ በ1903 ሱመርሴት ውስጥ ከአንድ አትክልተኛ የመጀመሪያ ዘፈኑን ቀድቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜማዎች ሰብስቧል። ለትምህርት ቤት ሲያሳትም ግን ነውር የመሰለውን ግጥም ያስተካክል ነበር። የፋብሪካና የከተማ ዘፈን ብዙም አልፈለገም። ስለዚህ የ1969 ወጣቶች “የገጠር እንግሊዝ” ብለው የወደዱት በከፊል የሻርፕ ምርጫ ነው። ትችቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ዘፈኖቹን ውሸት አያደርጋቸውም። የተጣራ ቢሆንም የሆነ ሰው ዘፍኖታል።

መጀመሪያ የቱን?

መተግበሪያው የሚያቀርበውን ቅደም ተከተል መከተል ግዴታ አይደለም። ለድምፅና ለታሪክ የሚመች ጆሮ “ሊጅ ኤንድ ሊፍ”ን ቢያስቀድም አይቆጭም። ጊታር የሚወድ ከጃንሽ ይጀምር። ድሬክን ለማወቅ በ1969 የወጣው “ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት” ከ“ፒንክ ሙን” ይሻላል፤ ሮበርት ከርቢ ያቀናበራቸው የክር መሣሪያዎች ዘፋኙ ብቻውን እንዳልነበረ ያሳያሉ። የአየርላንዱን መንገድ ለያዘ ፕላንክስቲ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ዛሬ መዝለል ይቻላል፤ የደብሊኑ ላንከም በ2023 ለሜርኩሪ የአልበም ሽልማት የታጨ ባንድ ነው። የቆየውን ባላድ በከባድ ጉርምርምታ ውስጥ ቀብረው ያወጡታል፤ ለስላሳ አይደለም።

መተግበሪያው ዘግየት ብሎ የሚያመጣት፣ መቅደም የነበረባት ግን ሽርሊ ኮሊንስ ናት። በ1935 ሰሴክስ ተወለደች። በ1964 ከዴቪ ግሬሃም ጋር አልበም አወጣች፤ በ1969 ከእህቷ ከዶሊ ጋር በመካከለኛው ዘመን መሣሪያዎች የታጀበ ሥራ ሠራች። በኋላ ድምፅዋን የሚዘጋ ሕመም ያዛት። መዝፈን አቆመች። ቀጣዩ አልበሟ “ሎድስታር” የወጣው ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው፤ ሉዊስ ከተማ፣ ቤቷ ውስጥ ተቀርጾ። ድምፅዋ ወርዷል፣ ሻክሯል። ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎችም አብረው ይሰማሉ።